ታሪኩ የሚጀምረው ከመጋዘኑ ደጃፍ ነው

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን ስለ አሜሪካ መስፋፋት ያወጣችሁትን ጽሑፍ እዚህ ድሬዳዋ ሆኜ አነበብኩት። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ ይሄ ነው። አሜሪካ ከ13 ትንንሽ ግዛቶች ተነስታ ዓለምን የምትመራ አገር የሆነችው መሬቷን ስላሰፋች ነው። ለመስፋት ያልደፈረ አገር እየጠበበ ይሞታል። ከዚያ ነገሩን ወደ እኛ አዙረው፣ ወደብ ያጣ ሕዝብ ከዚህ መማር አለበት ብለው ይጨርሳሉ።

መማር አለበት ባሉት እስማማለሁ። ትምህርቱ ግን እሳቸው ያሉት አይደለም። የሰፈሬ ወጣቶች ጋዜጣችሁን ስልካቸው ላይ እየተቀባበሉ «አየሽ እትዬ፣ በጉልበት ነው» ሲሉኝ ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

እኔ በሙያዬ ትራንዚተር ነኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በጅቡቲና በድሬዳዋ መካከል የሰው ዕቃ ሳስወጣ ነው። ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ ማስታወቂያ ቅጽ) ስሞላ፣ ጉምሩክ ደጅ ስጠና፣ ኮንቴይነር ሳስፈትሽ። አሁን ሥራውን ለልጆቹ ትቼ ከዚራ ቤቴ ተቀምጫለሁ። ወደብ የሌለው አገር ምን እንደሚከፍል ግን ማንም አይነግረኝም። አንድ ጊዜ የውሃ ፓምፕ መለዋወጫ የጫነ ኮንቴይነር በአንዲት የጎደለች ማህተም ምክንያት ወደቡ ላይ ቆመ። ቀኑ በተቆጠረ ቁጥር ዲመሬጁ (ዕቃ ወደብ ላይ ሲዘገይ የሚከፈለው) እየከበደ ሄዶ ከዕቃው ዋጋ አለፈ። ባለዕቃው የሐረር ሰው ነው። ቢሮዬ ተቀምጦ ሒሳቡን ካነበበ በኋላ ወረቀቱን አራት አጥፎ ኪሱ ከተተና ምንም ሳይናገር ወጣ። ስለዚህ የወደብ ነገር ለእኔ የቡና ላይ ወሬ አይደለም። ያስፈልገናል። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለንም።

ልዩነታችን ታሪኩን ከየት እናንሳው የሚለው ላይ ነው። እሳቸው ከ1803 ጀመሩ፤ አሜሪካ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምዕራብ ያለውን ሰፊ የሉዊዚያና ምድር ከፈረንሳዩ መሪ ከናፖሊዮን ከገዛችበት ዓመት። ታሪኩ ግን ከዚያ 8 ዓመት ቀድሞ፣ ከአንድ መጋዘን ደጃፍ ነው የሚነሳው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

በ1783 አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር የሰላም ውል ስትፈርም ምዕራባዊ ድንበሯ ሚሲሲፒ ወንዝ ሆነ። በወንዙና በአፓላቺያን ተራሮች መካከል፣ በኬንታኪ፣ በቴነሲና በኦሃዮ ሸለቆ፣ ገበሬዎች ሰፈሩ። ዱቄት አላቸው። ጨው የገባ የአሳማ ሥጋ፣ ትምባሆና ውስኪ አላቸው። መሸጫው ነው የቸገረው። በጋሪ ተራራ አቋርጦ ፊላደልፊያ ድረስ ዱቄት መውሰድ ኪሳራ ነው። ወንዙ ግን ቁልቁል ይወርዳል። ገበሬው ከሳንቃ ጠፍጣፋ ጀልባ ይገጣጥማል፤ ምርቱን ይጭናል፤ ውሃው እየገፋ በወንዙ መጨረሻ ካለችው ወደብ፣ ከኒው ኦርሊንስ፣ ያደርሰዋል። ጀልባው ሽቅብ ስለማይመለስ እዚያው ይፈታና ሳንቃው ይሸጣል። ሰውየው በእግሩ ወይ በፈረስ፣ ጫካ ለጫካ፣ ወደ ቤቱ ይመለሳል።

ኒው ኦርሊንስ ደግሞ የስፔን ነበረች። በጠፍጣፋ ጀልባ የወረደ ዕቃ ባሕር አይሻገርም። ትልቁ መርከብ እስኪመጣ ድረስ የሚራገፍበትና የሚቀመጥበት ቦታ ይፈልጋል። ትራንዚት የሠራ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። ወደብ ሲባል ውሃው ብቻ ይታየናል። ሥራው ያለው ግን ማራገፊያው፣ መጋዘኑና ወረቀቱ ላይ ነው።

በ1795 ቶማስ ፒንክኒ የተባሉ የአሜሪካ መልዕክተኛ ስፔን ሄደው ውል ተፈራረሙ። አንቀጾቹን ወጣቶቹ ቢያነቧቸው ደስ ይለኛል። አሜሪካኖች በወንዙ ላይ እንደ ልብ ይጓዛሉ። ዕቃቸውን ኒው ኦርሊንስ ላይ አራግፈው መጋዘን ያስቀምጣሉ። ከዚያ ወደ ውጭ ሲልኩት ከተመጣጣኝ የመጋዘን ኪራይ በቀር ሌላ ቀረጥ አይከፍሉም። ፈቃዱ ለ3 ዓመት ነው። 3 ዓመቱ ሲያልቅ ስፔን ወይ ታድሳለች፣ ወይ በወንዙ ዳር ሌላ ተመጣጣኝ ቦታ ትሰጣለች።

እንዲህ ያለ ውል ምን ያህል ብስል እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዋጋው ተወስኗል። ጊዜው ተወስኗል። በሩ ቢዘጋ ምትኩ ተጽፏል። ከጊዜ በኋላ ዓለምን የምታዝ አገር በምዕራብ በኩል ወደ ባሕር የወጣችው በሰው ወደብ ላይ በተከራየችው መጋዘን ነው።

በኦክቶበር 1802 የስፔኑ ሹም ይህን መብት ድንገት ዘጋው። ስፔን ከዚያ በፊት ሉዊዚያናን ከነኒው ኦርሊንስ ለፈረንሳይ ለመመለስ በምስጢር ተዋውላ ነበርና ናፖሊዮን ሊመጣ ነው የሚለው ወሬ አስቀድሞ ደርሷል። ገበሬው ነደደ። ሴኔት ውስጥ ጄምስ ሮስ የሚባሉ የፔንሲልቫኒያ ተወካይ ተነስተው፣ 50,000 ሚሊሻ ይጠራና ከተማዋን እንያዝ አሉ። ደጋፊም አላጡም። ፕሬዝዳንት ጀፈርሰን ግን ያን መንገድ አልመረጡም። ኮንግረሱ ለድርድሩ መነሻ 2 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደላቸው፤ እሳቸውም ጄምስ ሞንሮን ወደ ፓሪስ ላኩ። በስፔን በኩልም አቤቱታው ሠራ። በ1803 መጀመሪያ የስፔን መንግሥት መብቱ እንዲመለስ አዘዘ። ልብ በሉ፣ ሉዊዚያና ገና አልተገዛችም። መጋዘኑ ግን በንግግር ሊከፈት ነው።

እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ትልቅ ነገር ዘለዋል። ናፖሊዮን ለምን ሸጠ? ሞንሮና ፓሪስ የነበሩት አምባሳደር ሊቪንግስተን ይፈልጉ የነበረው ኒው ኦርሊንስንና አካባቢዋን ነው። ሙሉውን ውሰዱት የተባሉት ከፈረንሳይ ወገን ነው። እንዲህ ያለ መሬት ሰው ዝም ብሎ አይሸጥም።

መልሱ ካሪቢያን ባሕር ላይ ነው። ሴንት ዶሚንግ የምትባል የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት ነበረች፤ የዛሬዋ ሄይቲ ናት። ስኳሯና ቡናዋ ፈረንሳይን አበልጽጓል። የሚሠሩት ከአፍሪካ የተጋዙ ባሪያዎች ናቸው። በ1791 ተነሱ። ቱሳን ሉቬርቱር መሪያቸው ሆነ። ናፖሊዮን የእህቱን ባል ጄኔራል ሌክሌርን ከትልቅ ጦር ጋር ላከባቸው። የናፖሊዮን ሐሳብ ሉዊዚያና ለዚያች ደሴት እህልና እንጨት እንድታቀርብ ነበር። ጦሩ ግን በውጊያና በቢጫ ወባ አለቀ። ሌክሌር ራሱ በኖቬምበር 1802 ሞተ። ደሴቷ ከሄደች ሉዊዚያና ለናፖሊዮን ምን ትሠራለታለች? ከእንግሊዝ ጋር ደግሞ ጦርነት እየመጣ ነው፤ ገንዘብ ይፈልጋል። ሸጠ።

ቱሳንን ለድርድር ብለው ጠርተው ያዙት። ፈረንሳይ ወስደው ተራራ ላይ ባለ ምሽግ አሰሩት። በኤፕሪል 1803 እዚያው ብርድ ውስጥ ሞተ። የሉዊዚያና ውል የተፈረመው በዚያው ወር፣ ኤፕሪል 30 ነው። አሜሪካ በአንድ ፊርማ ስፋቷን እጥፍ ያደረገችው እነዚያ ጥቁሮች ናፖሊዮንን ስላሸነፉት ነው። ሄይቲ በጃንዋሪ 1804 ነፃነቷን አወጀች። አሜሪካ እንደ አገር ያወቀቻት ግን በ1862 ነው። እኛ የአድዋ ልጆች ይህን ምዕራፍ ዘለን ማለፍ አይገባንም። አንጀቴን የበላኝም እሱ ነው።

ዋጋው በጠቅላላው 15 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ስፋቱ ከ2.1 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የዛሬይቱን ኢትዮጵያ እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ገንዘቡ የተገኘው በብድር ነው። የለንደኑ ቤሪንግና የአምስተርዳሙ ሆፕ የሚባሉ ባንኮች የአሜሪካን የዕዳ ሰነድ ወስደው ለፈረንሳይ ጥሬ ገንዘብ አቀረቡ። እንግሊዝና ፈረንሳይ በዚያው ዓመት ጦርነት ሲገጥሙ የለንደን ባንክ የናፖሊዮንን ካዝና እየሞላ ነበር ማለት ነው። አሜሪካ መበደር የቻለችው ዕዳዋን ትከፍላለች ተብላ ስለታመነች ነው። ይህን እምነት የገነባችው ደግሞ ከነፃነት ጦርነቱ የቀረባትን ዕዳ ሳትክድ በመክፈል ነው። ጸሐፊው ስለ ኃይል ሲያወሩ ይህንንም ኃይል ብለው ቢቆጥሩት መልካም ነበር።

ግን ፓሪስ ላይ የተሸጠው ምንድን ነው? ናፖሊዮን ያን ምድር በእግሩ ረግጦት አያውቅም። ኦሴጅ፣ ላኮታ፣ ፓውኒና ሌሎች ብዙ ሕዝቦች ይኖሩበታል። ማንም አልጠየቃቸውም። የተሸጠው ሌላ የአውሮፓ መንግሥት አይገባብህም የሚል ወረቀት ነው። መሬቱ ራሱ የተወሰደው ከዚያ በኋላ ባሉት አሥርት ዓመታት፣ በትንሽ ክፍያ፣ በግዳጅ ውልና በጥይት ነው።

ከሚሲሲፒ በምሥራቅ በኩል የነበሩትን የቸሮኪ ሕዝብ እንኳ ልንገራችሁ፤ ጋዜጠኞች ስለሆናችሁ ይገባችኋል። ሴኮያ የተባለ ሰው በ1821 ገደማ ለቋንቋቸው ፊደል አበጀላቸው። እንደኛ ፊደል አብዛኛው ሆሄ ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ቁጥሩ 85 ነው። ሕዝቡ ቶሎ ማንበብ ለመደ። በ1828 ቸሮኪ ፊኒክስ የሚባል ጋዜጣ በራሳቸው ፊደልና በእንግሊዝኛ ማተም ጀመሩ። ሕገ መንግሥት ጽፈዋል፤ እርሻና ትምህርት ቤት አላቸው። የጆርጂያ ግዛት መሬታቸውን ፈለገች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1832 የጆርጂያ ሕግ በቸሮኪ ምድር አይሠራም ብሎ ፈረደላቸው። ፍርዱ ወረቀት ላይ ቀረ። በ1835 የጆርጂያ ዘቦች ማተሚያቸውን ወሰዱት። በ1838 ወታደር መጥቶ ከየቤታቸው አወጣቸው። ወደ 16,000 የሚሆን ሰው ወደ ዛሬዋ ኦክላሆማ ተነዳ። 4,000 ያህሉ በማጎሪያውና በመንገዱ ላይ እንደሞቱ ይገመታል። ሰልጥኑ ተብለው የሰለጠኑ ሰዎች ናቸው። እኔ ይህን «የዕድገት ዋጋ» ብዬ ማለፍ አልችልም።

ጸሐፊው በጣም የሚያደንቁት የሜክሲኮ ጦርነት ነው። እሱንም ከነሒሳቡ እንየው። ፕሬዝዳንት ፖልክ መጀመሪያ ካሊፎርኒያንና ኒው ሜክሲኮን ለመግዛት ሰው ልከው ነበር። ሜክሲኮ እምቢ አለች። ቴክሳስ በ1845 ከአሜሪካ ጋር ተቀላቅላለች፤ ድንበሯ የቱ ወንዝ ነው የሚለው ግን አልተቋጨም። ፖልክ ወታደሮቻቸውን ክርክር ያለበት መሬት ላይ፣ ሪዮ ግራንዴ ዳር አሰፈሩ። ግጭት ተነሳ። የአሜሪካ ደም በአሜሪካ ምድር ፈሰሰ ብለው በ1846 ጦርነት አስነሱ። በ1847 መጨረሻ ገና አዲስ የምክር ቤት አባል የነበሩት አብርሃም ሊንከን፣ ደሙ የፈሰሰበት ቦታ የቱ ጋ እንደሆነ ያሳዩን ብለው ጠየቁ። መልስ አላገኙም። በሴፕቴምበር 1847 የአሜሪካ ጦር ሜክሲኮ ሲቲ ገባ። በፌብሩዋሪ 1848 ውል ተፈረመ። ሜክሲኮ ቴክሳስን ጨምሮ የግዛቷን ግማሽ ያህል አጣች። የተከፈላት 15 ሚሊዮን ዶላር ነው። ውሉ ከመፈረሙ ከጥቂት ቀናት በፊት ካሊፎርኒያ ውስጥ ወርቅ ተገኝቷል፤ ፈራሚዎቹ ገና አልሰሙም።

ካሊፎርኒያ የአሜሪካን ሀብት እንዳበዛች አልክድም። የማይካድ ነገር ነው። ግን ያ መሬት ወዲያው ያመጣውን ተመልከቱ። ጦርነቱ ገና ሳያልቅ፣ በ1846፣ ዴቪድ ዊልሞት የተባለ የምክር ቤት አባል ከሜክሲኮ በሚገኘው መሬት ላይ ባርነት አይፈቀድም የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሰሜኑና ደቡቡ ተያያዙ። አዲሱ ምድር የማን ይሁን? የባሪያ አሳዳሪው ወይስ የነፃው ገበሬ? በ1850 አስታረቁት። በ1854 የባርነቱን ነገር ሰፋሪው ራሱ ይወስን የሚለው የካንሳስና የነብራስካ ሕግ ሲወጣ ካንሳስ ላይ ሰው ይገዳደል ጀመር። በ1861 አገሪቱ ለሁለት ተሰነጠቀች። ከ600,000 በላይ ሰው አለቀ። ከሜክሲኮው ውል እስከ እርስ በርስ ጦርነቱ 13 ዓመት ነው። ኡሊሰስ ግራንት በሜክሲኮ ወጣት መኮንን ሆነው ተዋግተዋል፤ በኋላም የሰሜኑን ጦር መርተው ፕሬዝዳንት ሆነዋል። እሳቸው ራሳቸው በስተርጅና ያንን ጦርነት ጠንካራ በደካማ ላይ ካነሳቸው እጅግ ፍትሕ የጎደላቸው ጦርነቶች አንዱ ብለውታል። የእርስ በርስ እልቂቱንም የዚያ ቅጣት አድርገው ነው የቆጠሩት። ይህን ያለው የውጭ ሰው አይደለም፤ ያሸነፈው ጄኔራል ነው።

ሰው ልጁን ሲድር ድግሱን አይቶ ጎጆውን ቢረሳ ምን ይባላል? የጦርነቱ ወሬ ድግሱ ነው። ጎጆው የተሠራው በ1862 ነው።

በዚያ ዓመት፣ ጦርነቱ መሃል፣ ኮንግረሱ ሦስት ሕግ አወጣ። አንዱ 5 ዓመት ተቀምጦ ለሚያለማ ቤተሰብ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ያህል መሬት ይሰጣል። ሁለተኛው ከምሥራቅ እስከ ምዕራብ ለሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ መሬትና ብድር ይፈቅዳል። ሦስተኛው የእርሻና የምሕንድስና ኮሌጅ ለሚከፍቱ ግዛቶች መሬት ይመድባል። የሚታደለው መሬት የነባሮቹ ሕዝቦች መሬት ነበር፤ ይህም መዘለል የለበትም። ሆኖም አሜሪካ በክፍለ ዘመኑ መጨረሻ በፋብሪካ ምርት ከዓለም አንደኛ የሆነችው በስፋቷ ብቻ አይደለም። ሩሲያ ከእሷ ትሰፋ ነበር፤ ብራዚልም ጠባብ አገር አይደለችም። ልዩነቱ ሐዲዱ፣ ትምህርት ቤቱና ብረቱ ላይ ነው።

ሐዲዱ በሜይ 10 ቀን 1869 ዩታ ውስጥ ፕሮሞንተሪ ላይ ተገናኘ። ከካሊፎርኒያ በኩል የሲዬራ ኔቫዳን ድንጋይ የበሱት በሺህ የሚቆጠሩ ቻይናውያን ናቸው። በረዶ ተንዶ የቀበራቸው አሉ። በ1882 ደግሞ የቻይና ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ሕግ ወጣባቸው። የሐዲድ ሠራተኛ ልጅና የልጅ ልጅ በሞላባት ከተማ ስለምኖር ይህ ነገር ይከነክነኛል።

ድሬዳዋ የባቡር ልጅ ናት። በ1902 ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ እዚህ ደረሰ። ሐረር ድረስ ተራራውን መውጣት ከባድ ስለነበር ባቡሩ ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማዋም በሐዲዱ ዙሪያ በቀለች። መጀመሪያ አዲስ ሐረር ነበር የምትባለው። ለገሃር፣ ወርክሾፑ፣ የከዚራ ጥላማ ጎዳናዎች፣ ከደቻቱ ማዶ ያለው የመጋላ ገበያ፣ ሁሉም የሚኖሩት 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ባለ የሰው ወደብ ነው። እኔም የበላሁት ከዚያ ነው።

ያች የምትሰፋ አሜሪካ ደግሞ እዚሁ ከተማችን መጥታለች። ይህን ብዙ ወጣት አያውቀውም። በ1903 መጨረሻ በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል ጄኔራል የነበሩት ሮበርት ስኪነር ጅቡቲ ወርደው፣ ከጥቂት የባሕር ኃይል ሰዎች ጋር በባቡር ድሬዳዋ ገቡ። ከዚህ ወዲያ ሐዲድ አልነበረም። ጓዛቸውን ጭነው በበቅሎና በግመል አዲስ አበባ ደረሱ። በዲሴምበር 27 ቀን ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረሙ። አሜሪካ የፈለገችው ለጥጥ ጨርቋ ገበያ ነው፤ የአሜሪካ አቡጀዲ ያኔም በአገራችን በብዛት ይሸጥ ነበር። ከእኛ በኩል የሚሄደው ቡናና ቆዳ ነው። የአሜሪካ ነጋዴ ከሌላ አገር ነጋዴ የበለጠ ቀረጥ እንዳይጠየቅ ውሉ ይደነግጋል። በወግ መጡ፣ በወግ ተቀበልናቸው። ከአድዋ 7 ዓመት በኋላ ነው፤ ሌላ አመጣጥም አያዋጣም ነበር።

አሁን ከዚያ ሁለት ወር ያህል ወደ ኋላ ተመለሱ። በኖቬምበር 1903 ፓናማ ከኮሎምቢያ ተገነጠለች። የአሜሪካ የጦር መርከብ ባሕሩ ላይ ቆሞ የኮሎምቢያን ጦር አገደ። በሁለት ሳምንት ገደማ አትላንቲክንና ፓስፊክን የሚያገናኘው የፓናማ ቦይ ውል ተፈረመ። ለፓናማ የፈረመው ቡኖ-ቫሪያ የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አንድም የፓናማ ሰው አልፈረመም። ቦዩ በ1914 ተከፈተ፤ የምሕንድስና ተአምር ነው። ግን ውሉ እንደ እሾህ ሲወጋ ኖረ። በ1964 በባንዲራ ጠብ ሰው ሞተ። በመጨረሻ፣ በ1999 ማብቂያ፣ አሜሪካ ቦዩን ለፓናማ አስረከበች። ፊሊፒንስም እንዲሁ ነው። በ1898 ከስፔን በ20 ሚሊዮን ዶላር ወሰደቻት። ነፃ እንወጣለን ብለው አሜሪካን ያገዙት ፊሊፒኖች በአጊናልዶ መሪነት ዓመታት ተዋጓት። በ1946 ነፃ ለቀቀቻት። ስለ አላስካና ስለ ሃዋይ አልጽፍም፤ ደብዳቤዬ ረዝሟል።

በአንድ ነገር ላይ ግን ለወጣቶቹ እንደ እናት እናገራለሁ። ግዛት ሲሰፋ የተሰፋበት ሰው አይረሳም። ለዚህ አሜሪካ ድረስ መሄድ አያስፈልገንም። ከዚህ ወደ ቁልቢ መንገድ ወጥታችሁ ጥቂት ብትቀጥሉ ጨለንቆ አለ። በ1887 የምኒልክ ጦር የሐረሩን አሚር ጦር ድል ያደረገው እዚያ ነው። ዛሬም የአካባቢው ሽማግሌ ሲያወራው ድምፁ ይለወጣል። አብሮ ለመኖር ስንት ትዕግሥት እንዳስፈለገ የሐረርና የድሬ ሰው ያውቀዋል። ሌላውን ምድር በካርታ ላይ በጣት እየከበቡ «ይሄ የኛ ይሁን» የሚል ልጅ እዚያ ምድር ላይ ያለችውን እናት አላሰበም።

ስለዚህ አዘጋጆቹን የምጠይቀው ይህ ነው። በሚቀጥለው ስለ ወደብ ስትጽፉ የ1795ቱን ውል በአማርኛ አውጡት። አንቀጹ አጭር ነው፤ ገጽ አይፈጅም። ከጎኑም የእኛ ጥያቄዎች ይውጡ። የመጋዘን ኪራዩ በማን ታሪፍ ነው የሚሰላው? ስምምነቱ ለስንት ዓመት ነው? ማህተም የጎደለበት ዕቃ በስንት ቀን ውስጥ ይታረማል? እስኪታረምስ ዲመሬጁ ይቆጠራል ወይስ ይቆማል? አንዱ በር ቢዘጋ ሌላው የት ነው፣ በጽሑፍ አለ ወይ? በዚህ ሥራ ያረጁ ሰዎች ድሬዳዋ ውስጥ ሞልተዋል። አንዳንዶቻችን ፋይላችንን አልጣልንም። ጋዜጠኛ ከላካችሁ ቡና አፍልተን፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን፣ የቱ አንቀጽ የቱን ነጋዴ እንዳከሰረ አንድ በአንድ እናሳየዋለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ድሬዳዋ፣ ከዚራ